አሥራ ሦስት ያልታጠቡ ፊቶች

እሑድ ግንቦት 11 ቀን 2078 ዓ.ም. ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ መንደር አሥራ ሦስት ሰዎች በራቸውን ሳሙ፤ በሩ ግን አልከፈት አላቸው።

በር መሳሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁላችንም ከአልጋ እንደወረድን፣ አፋችንን ሳንጉመጠመጥ፣ በሩ መሐል ላይ የተለጠፈችውን መዳፍ የምታህል ሰሌዳ እንስማለን። ሰሌዳዋ ከከንፈራችን ያገኘችውን ምራቅ ታነብና የዕለቱን ኮዳችንን ትናገራለች። «ዘ-00» ካለች ጤነኞች ነን፤ በሩ ይከፈታል፣ ዳቦ ልንገዛ እንወጣለን። የጉንፋን ኮድ ከሆነም ይከፈታል፣ ብቻ አውቶቡስ ላይ ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ከበድ ያለ ኮድ ሲመጣ በሩ እንደተዘጋ ይቆያል፤ በራሱ የሚሄድ የሕክምና ጋሪም ይላካል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኛ የምንስመው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር፤ እናንተ የገዛ ሳሎናችሁን ትስማላችሁ» እያለች ትስቅ ነበር። እሷም ግን አንድ ቀን ሳትስም ወጥታ አታውቅም።

ሐረገወይን ደምሴ እባላለሁ። ኮድ አጣሪ ነኝ። ማሽኑ ራሱ ያወጣውን ኮድ ራሱ ማመን ሲያቅተው ለሰው ይልከዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያ ሰው እኔ ነኝ። መዝገባችን ውስጥ ሰባ ሺህ ኮድ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአህያ የተረገጠ አንድ ኮድ አለው፤ ያው ሰው በዚያው አህያ ሲደገም ሌላ ኮድ አለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ አጽድቄያለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ሰውየው አንድ ነው።

የዚያን ዕለት ተረኛ ነበርኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ መልእክቱ መጣ፦ አሥራ ሦስት ሰው፣ ሁሉም ሐ-07፣ የመጀመሪያ ደረጃ።

ሐ-07 ማለት ከጆሮ ሥር ያለችው የምራቅ ዕጢ ካንሰር ነው። በከተማችን በዓመት ሁለት ቢመጣ ነው። አሥራ ሦስት በአንድ ጠዋት፣ ያውም በአንድ መንደር፣ ማሽኑ እንኳ ደንግጧል። እነማን እንደሆኑ ስመለከት ግን ከድንጋጤዬ መሐል ሳቅ አመለጠኝ። አሥራ አንዱ የቦርከና ኮከብ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች፣ አንዷ አሠልጣኛቸው፣ አንዱ ወጌሻቸው ናቸው። ቡድኑ ድሃ ስለሆነ ተቀያሪ የለውም። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደሴ የዋንጫ ጨዋታ ነበራቸው።

ሌላም ነገር ነበር። በረኛዋ ሐያት ይመር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በሯ ግን ህዋሷን አንብቦ ዕድሜዋን ሰማንያ አንድ አድርሶት፣ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ የጡረታ ቅጽ አውጥቶላታል። የአሥራ ሁለቱም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ህዋሱ የእነሱ አይደለም። ይህን ለማወቅ ሃያ ስድስት ዓመት መሥራት አያስፈልግም። ችግሩ ደንቡ ነው። ሰሌዳዋ በሌላ በር ላይ ያነበበችውን ሰው ሁሉ ታውቃለች፤ ባልና ሚስት ተሳስመው ቢያድሩ የማን የማን እንደሆነ ለይታ ለየባለቤቱ ትሰጣለች። አንድም ቀን በር ስሞ የማያውቅ ሰው ህዋስ ሲያጋጥማት ግን ደንብ አሥራ አራት አለ፦ ባለቤቱ ያልታወቀ ህዋስ የበሩ ባለቤት ህዋስ ነው። ቀጥሎ ደንብ አሥራ አምስት አለ፦ ኮድ ወደ ባለቤቱ ይዛወራል እንጂ አይሰረዝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ወረቀት ከጠፋ በኋላም ይሠራል።

ባለቤቱን እስከ ስድስት ሰዓት ካላገኘሁ ኮዱ እንደጸና ይቆጠራል። ጋሪዎቹም ይገቡና ከአሥራ ሦስት ጤነኛ አንገት አሥራ ሦስት ጤነኛ ዕጢ ያወጣሉ፤ በጣም በንጽሕና፣ ያለ ምንም ሕመም። የእጅ ሰሌዳዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

መንደሩ አፍ ላይ ስደርስ አሥራ ሦስት ነጭ ጋሪዎች በሰልፍ ቆመዋል። ሰው የላቸውም። ዳቦ የያዙ ሴቶች በመሐላቸው እየተሽሎኮለኩ ያልፋሉ፤ አንዷ ነጠላዋን ጋሪ ላይ ሰቅላ ጫማዋን ታስራለች።

መጀመሪያ የሄድኩት አሠልጣኟ ዝናሽ ቤት ነው። በመስኮት ብቅ አለች።

«እንዴት አደራችሁ?» አልኳት።

«ተቆልፎብን!» አለች። «እትዬ፣ በፈጣሪ፣ ይሄን በር አንድ በሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልተገኘን ፎርፌ ነው።»

«ትናንት ማታ የት ነበራችሁ?»

«ልምምድ ሠርተን ቤታችን ገባን።»

ወጌሻውን ጠየቅኩት። «ልምምድ ሠርተን ቤታችን ገባን።» ግራ ተከላካይዋን ጠየቅኩ። «ልምምድ ሠርተን ቤታችን ገባን።» አሥራ ሦስት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ዓረፍተ ነገሩ ተጠንቷል ማለት ነው። ይህ መቼም የምርመራ ጥበብ አይደለም፤ የሦስት ልጆች እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

የበረኛዋ መስኮት የመጨረሻው ነበር። ሐያት ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፊቷ ሳቂታ ልጅ ናት። ዝግ በር ውስጥ ሆና እንኳ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያጋጨች ትቀልባለች። የተጠናውን ዓረፍተ ነገር ስትነግረኝ እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር። ከቅንድቧ እስከ አገጯ የሜዳ አቧራ ጋግሯል። በአቧራው ላይ የትናንት ላብ ወርዶ የደረቀበት መስመር አለ። ያኔ ነው የአሠልጣኟ ጉንጭ ላይ ያየሁት የሜዳ መስመር ኖራ ብናኝ ትዝ ያለኝ፤ የወጌሻው ግንባርም፤ የግራ ተከላካይዋም አፍንጫ። አሥራ ሦስት ሰው ከልምምድ ገብቶ አንዱም አልታጠበም።

እኔም እዚሁ ወሎ ነው ያደግሁት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ አጎቴ መዳፌን አስዘርግቶ «እትፍ እትፍ» ብሎ ሲመርቀኝ፣ በሁለት እጄ ተቀብዬ ፊቴን አበስኩበት። እናቴ እንዳልታጠብ ጀሪካኑን አልጋ ሥር ደበቀችው። ምርቃት አይታጠብም። ፈተናዬን የተፈተንኩት ከአጎቴ አፍ የወጣ የጠላ አተላ ዓይኔ ሥር አድሮብኝ ነው።

«ሐያት፣ ማን ነው የመረቃችሁ?» አልኳት።

ኳሷ ከእጇ አመለጠች። በረኛ ናት፤ እንዲህ አይነት ነገር አይደርስባትም።

«ማንም» አለች።

«ፊትሽን መቼ ታጠብሽ?»

አቧራዋን በመዳፏ ሸፈነች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «እትዬ፣ እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት።»

«ነኝ።»

«እንግዲያው እሳቸውን ከምናሳጣ ዋንጫው ገደል ይግባ።»

ገባኝ። የምራቅ ደንብ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ምራቁን ሰው ላይ ያሳረፈ፣ ለእርግማንም ይሁን ለምርቃት፣ ሠላሳ ቀን ቤቱ ይዘጋበታል። እነዚህ ልጆች ሽማግሌያቸው አንድ ወር ከሚታሰር የገዛ ዕጢያቸው ቢቆረጥ መርጠዋል። ወይ ጉድ ብዬ ቆምኩ፤ ኮርቼባቸውም ነበር፣ ቢሆንም ሰዓቱ አራት እየሆነ ነው።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አልኳት። «ኮዱ የናንተ አይደለም። ግን የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው አሁን ቁርሱን እየበላ ነው፤ በሽታ እንዳለበት አያውቅም። በር አይስምም፣ ማንም አላነበበውም። ገና ጅምር ስለሆነ ዛሬ ብንደርስበት ይድናል። እናንተ ዝም ካላችሁ ግን ማን ይነግረዋል?»

የሐያት ፊት ሲለወጥ አየሁ። ስለ ዋንጫው ስትነግረኝ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ፤ አቧራው ላይ አዲስ መስመር አወጣ።

«አባባ ይማም ታመዋል?» አለችኝ።

አባባ ይማም ሰብስቤ የሚኖሩት ከቦርከና ወንዝ ዳር ነው። በራቸው የእንጨት ነው፤ ሰሌዳ የለውም። ከ2000 ዓ.ም. በፊት የተወለደ ሰው በር እንዲስም አይገደድም፤ እሳቸው የ1997 ናቸው። ግቢው ውስጥ ከዘይቱን ዛፍ ሥር አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ቆማለች። ጎማዋ ተንፍሶ መሬት ገብቷል፤ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ዶሮዎች ይተኛሉ። ሽማግሌው ከሹፌሩ ወንበር ሥር እንቁላል እየፈለጉ አገኘኋቸው።

«ግቢ ግቢ፣ ፏ ብለሽ ነው የመጣሽው!» አሉኝ። የድሮ ሰዎች ቃላቸው እንዲህ ነው፤ የእኔም አያት እንዲህ ነበር የሚናገሩት። «ሰባት ዓመት ነዳኋት፣ ከፒያሳ እስከ ኤርፖርት። አሁን ኪራይ የምትከፍለኝ በእንቁላል ነው።»

ስቀው ፊታቸውን ሲያዞሩ ከጆሮአቸው ሥር ባቄላ የምታክል እብጠት አየሁ። ስቀው ሲጨርሱም እዚያው ናት።

እንዴት እንደምጀምር ስላልገባኝ በልጆቹ ጀመርኩ። አሥራ ሦስቱም እንደተዘጋባቸው፣ ጋሪዎቹ እንደቆሙ ነገርኳቸው። አባባ ይማም እንቁላሉን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ወዲያው ከዘራቸውን አነሡ።

«በእኔ ጦስ? ምን ልሁን ታዲያ፣ ውሰጂኝ እሰሩኝ!»

«መታሰር አይደለም አባባ። አንቱ ይህችን ሰሌዳ ብትስሙ ኮዱ ወደ አንቱ ይዛወራል፤ ልጆቹ ይወጣሉ።»

«ምን ኮድ?»

ይህን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። ተናገርኩ። ሽማግሌው ባጃጇ ደፍ ላይ ተቀመጡ። አንዲት ዶሮ ወጥታ ከአጠገባቸው ቆመች። ጣታቸውን ወደ እብጠቷ ሰደዱ።

«ይቺ? ይቺማ ከሰሞኑ ናት። ስስቅ ትንቀሳቀሳለች።» እንደገና ዳበሷት። «ትቆረጣለች?»

«ዕጢዋ ትወጣለች።»

«ከዚያስ አፌ ይደርቃል?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ጓደኛዬ አሊ፣ ባጃጅ ተራ አብሮኝ የነበረ፣ እንዲህ ሆኖ ነበር በዚያ ዘመን። አንገቱን በጨረር አቃጠሉት። ዳነ፤ ግን ምራቅ አጣ። ዳቦ በውሃ ነበር የሚውጠው።» ከዘራቸውን መሬት ላይ አሻሹ። «ልጄ፣ እኔ አግብቼ አልወለድኩም። ልጅ የለኝም፤ ከዶሮ በቀር የምተወው የለኝም። ግን ተማሪው ለፈተና፣ ሙሽራው ለሠርግ፣ እነዚህ ሴቶች ለኳስ፣ እዚህ መጥተው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። እኔም እትፍ እላለሁ። ሰው የሚፈልግብኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዳችሁት ማን በሬን ያንኳኳል?»

እዚህ ላይ የሚያጽናና ነገር ለማለት ፈልጌ ነበር። የመጣልኝ ግን መዝገቡ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሐ-07ን ገጽ ሳነብ ኖሬያለሁ።

«አባባ፣ የምራቅ ዕጢ አንድ ብቻ መሰለዎት እንዴ?»

«ስንት ሊሆን?»

«ትልልቆቹ ስድስት ናቸው። ሦስት በቀኝ፣ ሦስት በግራ። ትናንሾቹማ በመቶ ይቆጠራሉ። የታመመችው አንዷ ናት። ገና ጅምር ስለሆነች ጨረርም አያስፈልጋትም።»

«ስድስት!» አሉ። ጉንጫቸውን በቀኝም በግራም ዳበሱ፤ ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ጓዳ እንደተገኘለት ሰው። «ስድስት ይዤ ነው እንዴ ሰማንያ ዓመት የምዞረው?»

«አምስት ይቀርልዎታል።»

ባጃጇን ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ባቄላዋም ተንቀሳቀሰች።

«እኔ በሦስት ጎማ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ አምስት ምን አነሰኝ? አምጪያት ይቺን ሰሌዳሽን።» ሳቃቸውን ገታ አድርገው ጨመሩ፦ «አንድም ባይቀር እስማት ነበር፤ እንዳይመስልሽ። ልጆቹ ተዘግተዋል እኮ።»

ሰሌዳዋን አወጣሁላቸው። ከመሳማቸው በፊት ግን ዘለግ አድርገው አዩዋትና «እትፍ እትፍ! እውነት የምትናገሪ፣ ሰው የማታስደነግጪ ያድርግሽ!» ብለው መረቋት። አሚን የሚል ስላልነበረ እኔ አልኩላት። ከዚያ ሳሟት።

«ሐ-07። የመጀመሪያ ደረጃ። ባለቤት፣ ይማም ሰብስቤ» አለች ሰሌዳዋ። «እንኳን ደህና መጡ።»

ሰዓቱ አምስት ከአርባ ነበር። በመንደሩ ውስጥ አሥራ ሦስት ቁልፎች ቀጭ ቀጭ ሲሉ ከወንዙ ዳር ተሰማን። ወዲያው ጩኸት፣ ከዚያ የእግር ኮቴ። መንደሩ አፍ ላይ አሥራ ሁለት ጋሪዎች ዞረው ሄዱ፤ አንዱ ብቻ ወደ እኛ አቅጣጫ አቀና።

ቡድኑ ጋሪውን ቀድሞ ደረሰ። ሐያት ከፊት ነበረች፤ ማሊያዋን እንኳ ገልብጣ ነው የለበሰችው። ሽማግሌውን አቅፋ አለቀሰች፤ አሠልጣኟ ዝናሽም እሷን አቅፋ አለቀሰች።

«ሂዱ እንጂ! አውቶቡሱ ይጠብቃችኋል» አሉ አባባ ይማም። «አብሽሩ፣ አምስት ይቀረኛል።»

አምስት ምን እንደሆነ ማንም አልገባውም። አልሄዱምም። ተሰልፈው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ።

እኔ ዶሮዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ከኋላዬ ግን እሰማለሁ።

«እትፍ እትፍ! ኳሷ ትውደዳችሁ!»

«አሚን!»

«ባትሪያችሁ አይለቅ! ኔትወርካችሁ አይቆራረጥ!»

«አሚን!»

ባትሪና ኔትወርክ ምን እንደነበሩ ግማሾቹ አያውቁም፤ አሚኑ ግን ከልብ ነበር። ሰባት ዶሮ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ።

«አንቺስ? መዳፍሽ ታሟል?» አሉኝ ሽማግሌው ጋሪው ላይ ሲወጡ።

«ሥራ ላይ ነኝ አባባ።»

«እሺ፤ ይቆይሻል።»

የቀረኝ አንድ ሣጥን መሙላት ነበር። ቅጹ ይጠይቃል፦ ህዋሱ በምን መንገድ ወደ በሩ ባለቤት ደረሰ? ከሰባ ሺህ ኮዶች መሐል ፈለግኩ። በመሳሳም አለ። በማስነጠስ አለ። በውሻ መላስ አለ። ምርቃት የለም። ከሁሉም የሚቀርበው «ምራቅ፣ ሆን ተብሎ፣ ጥቃት» የሚለው ነው፤ እሱን ከጻፍኩ ሽማግሌው ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው ሠላሳ ቀን ይታሸግባቸዋል። መዝገቡ መጨረሻ ላይ ሰነፍ አጣሪዎች የሚወዱት አንድ ኮድ አለ፦ «ሌላ፣ ያልተገለጸ።» ይህን ኮድ የጻፉ ወጣቶችን ሃያ ስድስት ዓመት ስቆጣ ኖሬያለሁ። አሥራ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት።

ጨዋታውን ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ሐያት ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አድና ነው፤ ጋዜጣው በማግስቱ ፎቶዋን ሲያወጣ ፊቷ ገና አልታጠበም ነበር። አባባ ይማም ዕጢያቸው ወጥታላቸው አልጋ ላይ ሆነው ውጤቱን ሰሙ። «ያለ ምርቃት ቢሆን ስድስት ይገባባቸው ነበር» አሉ፣ ፋሻውን እያስተካከሉ።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ሽማግሌው እትፍ ሊሉ ሞክረው ምንም አልወጣላቸውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ሐያት አንድ ከረጢት ሎሚ ይዛ መጣች፤ ሐኪሟ ኮምጣጣ ነገር የቀሩትን ዕጢዎች ይቀሰቅሳል ብላት ነው። አንዱን ሰንጥቃ ሰጠቻቸው። መጠጡት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ ልትገድይኝ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሲጮኹም ሐያት ፊት ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ነርሷ መጥታ ምን ሆናችሁ አለች፤ ማንም አልነገራትም።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። መዝገቡ ላይ ግን አላለቀም። ሐ-07 ወደ ዘ-85 የሚዞረው፣ ማለትም «አለበት» ወደ «ነበረበት» የሚለወጠው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሰሌዳ ተስማ ህዋሱ ንጹሕ ከሆነ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ሰሌዳ አልስምም አሉ።

«አንዴ ስሜያታለሁ፤ ይበቃታል። አግብቻታለሁ እንዴ?»

ለመንኳቸው። ሐያት ለመነቻቸው። ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነው፤ ከ2000 በፊት የተወለደን ሰው ማንም አያስገድድም። ነሐሴ አለቀ፤ በሽታው ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። በየጠዋቱ ቢሮ ስገባ ከስማቸው ጎን ሐ-07ን አያለሁ። ለእሳቸው ፈራሁ። አንድን ሰው እንደዚህ መውደድ የጀመርኩት መቼ እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ከዶሮዎቹ ጊዜ ጀምሮ ነው።

መስከረም ላይ አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር ቡድኑ ሊመረቅ ወንዙ ዳር ሄደ። እኔም ተጠራሁ። ቅዳሜ ማታ ስለነበር ሥራ ላይ አይደለሁም። ልጆቹ ተመርቀው ሲጨርሱ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንቺ ተቀምጦልሻል» አሉ። ሎሚያቸውን መጠጥ አደረጉ።

መዳፌን ዘረጋሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እንደ ፈተናዬ ዋዜማ ልቤ መታ።

«እትፍ እትፍ! የምትጽፊው ሁሉ ደግ ይሁን! እጅሽ አይዛል!»

«አሚን» አልኩና ፊቴን አበስኩ።

«እንዳትታጠቢ» አሉኝ። ከዚያ በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱኝ። «እኔ አልስማትም ብያለሁ፤ አንቺ ግን ትስሚያታለሽ አይደል?»

የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ሄድኩ። የገባኝ በማግስቱ ጠዋት፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ የገዛ ሳሎኔ በር ፊት ቆሜ ነው። ሰሌዳዋ አሁን ታውቃቸዋለች፤ ፊቴ ላይ ያደረውን ምራቃቸውን የእሳቸው ብላ ታነበዋለች። ከንፈሬን ወደ እሷ ማስጠጋት አቃተኝ። ቆሜ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳምኳት።

«ሐረገወይን ደምሴ፣ ዘ-00» አለች። «የሌላ ሰው ህዋስም ተገኝቷል። ባለቤት፣ ይማም ሰብስቤ።» ማንበቧን ስትቀጥል የበሩን እጀታ ጨበጥኩ። «ካንሰር አልተገኘም።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ሳቅኩም። ስልኬ ጮኸ፤ ሐያት ናት፤ ከጀርባዋ መንደሩ ሁሉ ይጮኻል። «እትዬ! በሬ ምን እንዳለኝ ሰሙ? የሁላችንም እኮ ነው! ሁላችንም!» ትላለች።

ሰሌዳዋ ግን ገና አልጨረሰችም። በሩን ሳትከፍት፣ በዚያው ቀዝቃዛ ድምፅዋ፣ «ከህዋሱ ባለቤት ጋር ያለዎትን ዝምድና ይግለጹ» አለችኝ። ምርጫዎቹን ዘረዘረች፦ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም፣ ሌላ፣ ያልተገለጸ። የመጨረሻውን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።

«ልጅ» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። እሑድ ቢሆንም ቢሮ ገብቼ የአባባ ይማምን ገጽ ስከፍት፣ ወልደው የማያውቁት ሽማግሌ በአንድ ጠዋት የአሥራ አራት ልጆች አባት ሆነው ተመዝግበዋል። ማሽኑ ማመን ስላቃተው አጣሪ እንድትፈርምበት ወደ እኔ ልኮታል። ሐ-07ን ወደ ዘ-85 አዞርኩት። ከዚያ አሥራ አራቱን ስም አንድ በአንድ፣ የራሴንም ጨምሬ፣ አጣርቼ ፈረምኩ።